ላሟ ስንት ታወጣለች?

ደብረ ብርሃን አካባቢ ላም ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው በፊት የሚለው ነገር አለ፦ «ማታ መጥቼ ስትታለብ ልይ፤ ጠዋትም እደግማለሁ።» ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለገበያ የምትወጣ ላም ግቷ ተወጥሮ እንዲታይ ሳትታለብ የምታድርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ገዢው ማታና ጠዋት ስትታለብ ካላየ አያምንም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሆዷ ሥር የሚሄደውን የወተት ሥር በጣቱ ይከተላል፣ ጥርሷን ያያል፣ ቀንዷ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ይቆጥራል፣ የደረቀ እንዳለ ለማወቅ አራቱንም ጡት አንድ በአንድ ይስባል። መጨረሻ ላይ «እናቷ ስንት ትታለብ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አክስቴ ይህን ጥያቄ ሲመልሱ ስሰማ ነው ያደግሁት። የላሞቻቸውን ዘር እንደ ሰው ዘር እስከ አያት ይቆጥሩታል።

አሁን የምሠራው ዊስኮንሲን ውስጥ፣ 1,200 ላም የሚታለብበት እርባታ ነው። እዚህ ላም በጆሮ ቁጥሯ እንጂ በስም አትጠራም፤ ዋጋዋም የሚወጣው ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ እርባታዎች ከሚጠቀሙባቸው የመንጋ መዝገቦች አንዱ መነሻው ካሊፎርኒያ፣ ቱላሬ የሆነው ዴይሪኮምፕ 305 ነው። ከስሙ ጎን ያለውን 305 ወተት አምራች ሁሉ ያውቀዋል፤ የላሞች ምርት የሚወዳደረው በ305 ቀን ወተት ነውና። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ላሟ መቼ እንደወለደች፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ በየወሩ ሲለካ ስንት እንደታለበች፣ መቼ እንደተዳቀለችና መፅነሷን ከመዝገቡ ያነሳል። ያን ሁሉ አስልቶ አንድ ቁጥር በዶላር ይሰጣል።

ያን ቁጥር የገበያ ዋጋ አድርጎ የሚያነበው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያነበብኩት። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህችን ላም ባቆያትና በእሷ ቦታ አዲስ ጊደር ባስገባ፣ የቱ ይሻለኛል? ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ላሟ ትቆያለች፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ቦታዋን ለጊደሯ ትለቃለች። ፅንስ ይህን ቁጥር በአንድ ቀን ይለውጠዋል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው አልበርት ደ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት የአንድ አዲስ ፅንስ ዋጋ በአማካይ 278 ዶላር ወጥቶ ነበር።

መልሱ ግን ከሴቲንጉ አይበልጥም። እዚያ ሰው በእጁ የሚሞላቸው ክፍት ሳጥኖች አሉ፤ የመቶ ፓውንድ ወይም የ45 ኪሎ ገደማ ወተት ዋጋ፣ የመኖ ዋጋ፣ ለሥጋ የምትሸጥ ላም የኪሎ ዋጋ፣ የተተኪ ጊደር ዋጋ። ሥራውን ስረከብ አለቃዬ «ሁሉም ተሞልቷል፣ ዝርዝሩን አውጣና ስጠኝ» አለኝ። አወጣሁ። ከዜሮ በታች የሆኑ 31 ላሞች ነበሩ። አንዷ 4417 ናት፤ ከወለደች 190 ቀኗ፣ በቀን 29 ኪሎ የምትታለብ፣ ገና ያልፀነሰች፣ ወደ ማለቢያው ስትገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሰለፍ። ፕሮግራሙ ከዜሮ በታች 260 ዶላር ብሏታል። ማክሰኞ መኪና መጣ፣ ተጫነች።

ከሳምንት በኋላ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ስከፍት የተተኪ ጊደር ዋጋ 1,300 ዶላር ይላል። ከዓመታት በፊት የተሞላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ግድም አንዲት ተተኪ 1,200 ዶላር እንኳ አትሞላም ነበር፤ በ2025 ግን ከ2,600 አልፋለች። ምክንያቱም አርቢው የወተት ላሞቹን በሥጋ ከብት ዘር ማዳቀል አበዛ። ዲቃላው ጥጃ ገና እንደተወለደ ጥሩ ገንዘብ ያወጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የምትታለብ ጊደር ግን ጠፋች። ተተኪዋ እንዲህ ስትወደድ በረት ውስጥ ያለችው ላም ዋጋ አብሮ ይወጣል። የጊደሯን ዋጋ አስተካክዬ ደግሜ ሳሰላ 4417 ከዜሮ በላይ ሆነች። የሥጋውም ዋጋ ጨምሮ ስለነበር እሱን ሳስተካክል ቁጥሯ ትንሽ ወረደ፤ እንዲያም ሆኖ መሸጥ አልነበረባትም። ከ31ዱ 19ኙ እንደዚያው። ያቺ ማክሰኞ እስካሁን ትከነክነኛለች። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ አምስት ላሞች ያንኑ ስሌት ስልክ ላይ በሚከፈት ሠንጠረዥ ልሠራላቸው ተነሳሁ። የወተቱን ዋጋ ስጠይቃቸው «የጾሙን ነው የፍስኩን?» አሉኝ። ዊስኮንሲን ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገዢ ይጠፋል፤ ለፋሲካ ደግሞ ወተትና ቅቤ ያሻማል። ላም ብዙ ወተት የምትሰጠው ከወለደች በሁለተኛው ወር ግድም ስለሆነ፣ በጥር መጨረሻ የምትወልደው ያን ወተቷን ጾም ላይ ታፈስሳለች፤ በመጋቢት አጋማሽ የምትወልደው ለፍስኩ ትደርሳለች። ሁለቱ እኩል ቢታለቡ እንኳ ዋጋቸው እኩል አይደለም። አንዲት የወተት ዋጋ ሳጥን ይህን አትችልም። ሁለት አደረግኋት።

ከዚያ ተተኪ ጊደር የምትለው ሳጥን ላይ ደረስን።

«ተተኪዋን ከየት ነው የማመጣት፣ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አገራችን ውስጥ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት አለ ይባላል፤ ከመቶ 97ቱ ያህል ግን የሀበሻ ዝርያ ነው። ጥሩ ዲቃላ ጊደር ሲፈለግ ገንዘብ ይዞም አይገኝም፤ የተገኘችውም ታሪኳ አይታወቅም። አዳቃዩ የዘገየ እንደሆነ ላሟ ኮርማ የፈለገችበት ቀን ያልፋል፤ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ስሌቱ ደግሞ ከበሩ ውጭ ተራዋን የምትጠብቅ ጊደር አለች ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህ ያላግባብ የሸጥናት 4417 ቦታዋ በሳምንቱ ተሞልቷል። አክስቴ ግን ከአምስቱ ላሞቻቸው አንዷን፣ ወለላን፣ ቢሸጡ ቦታው ዓመት ባዶ ሊቀመጥ ይችላል። ወተቱ ብቻ አይደለም፤ የክረምቱ ማገዶ የሆነው ኩበትም አብሮ ይቀራል።

እና ጥያቄውን ራሱን ለወጥነው። «የትኛዋን እንሽጥ» መሆኑ ቀርቶ «ፋጉሎውና ፉርሽካው ለማን ይድረስ» ሆነ። መኖ በተወደደበት ዓመት ከባዱ ውሳኔ ይኸኛው ነው። አክስቴ ለአምስቱም እኩል ያካፍሉ ነበር። ስንጽፈው ግን ሁለቱ ሊነጥፉ የደረሱ፣ አንዷ የወለደች በሳምንቷ ሆና ተገኘች። በእኩል ማካፈሉ የተጎዳችው እሷ ናት። ይህን ያየነው ከቀን በስተቀር ምንም ባልተጻፈበት አንድ ገጽ ላይ ነው።

ከዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ነገር ካለ እሱ ነው እላለሁ፤ ላሟ የወለደችበት፣ የተዳቀለችበት፣ የነጠፈችበት ቀን። የዶላሩ ስሌት ይቆይ። ቀኑ ከተጻፈ የእኛ ካሌንደር ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ገደማ ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ልክ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን በመሃል ከገባች አምስት ቀን መቀነስ ነው። ሰኔ 5 የተዳቀለች መጋቢት 10 ትጠበቃለች። አክስቴ በጣታቸው ቆጥረው ከእኔ ስልክ ቀድመው ይደርሳሉ።

ባለፈው ወር የበረቱን በር ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። በከሰል «ወለላ፣ ጥቅምት 3» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሠንጠረዡ ላይ ሐምሌ 13 ብዬ ሞላሁ። ከ21 ቀን በኋላ ደውዬ ኮርማ ፈልጋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አልፈለገችም፤ ግን ሐኪሙ ገብቶ ካልዳሰሳት አትጻፈው» አሉኝ። የፅንሷን ሳጥን ባዶ ተውኳት።