ዘንዶው የሞተበት ኮረብታ

እህቶቼ፣ ስለ እንግሊዝ አገር ልጽፍላችሁ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። «አንቺ ደግሞ የት አየሽው?» ትሉኝ ይሆናል። አይቼዋለሁ። በ2018 ነሐሴ ላይ ማዳም እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ልጆቹን እንድይዝላት ከቤይሩት ይዛኝ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆየን። ከዚያ ሁሉ ቀን ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት።

አንድ ቀን በመኪና ወጣን። አፊንግተን የሚባል መንደር አጠገብ ትልቅ አረንጓዴ ተራራ አለ፤ ተራራው ላይ ነጭ ፈረስ ይታያል። በቀለም የተሳለ እንዳይመስላችሁ። የዚያ አገር መሬት ከሣሩ ሥር ጠመኔ ነው፤ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ዓይነት። ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ቦይ ቆፍረው፣ ጠመኔ ጠቅጥቀው ሠሩት። ርዝመቱ 110 ሜትር ያህል ነው። ሣሩ እንዳይውጠው ዛሬም ሰዎች ተንበርክከው አዲስ ጠመኔ በመዶሻ ይወቅጡበታል።

ከፈረሱ በታች ትንሽ ኮረብታ አለች፤ አናቷ እንደ ምጣድ የተደላደለ። የማዳም እህት ለልጁ «ማር ጂርጂስ ዘንዶውን የገደለው እዚያ ላይ ነው ይላሉ» አለችው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ካልወጣሁ ብሎ አለቀሰ። ማዳም ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ነበርና «አንቺ ውሰጂው» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እንስራ አዝዬ ዳገት ስወጣ ነው ያደግኩት። ያቺን ጉብታ ለመውጣት ግን ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሼ አጠረ። ልጁ ከላይ ሆኖ «ያላ!» ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ የረገጥኩት ሴራሚክ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከኩሽና በረንዳ፣ ከበረንዳ መታጠቢያ ቤት። ሥራ ያደክመኝ ነበር እንጂ መንገድ አድክሞኝ አያውቅም።

አናቷ ላይ ሣር የማይበቅልበት ነጭ ቦታ አለ። የዘንዶው ደም ስለፈሰሰበት ነው ይላሉ። አማተብኩ። የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊቴ ላይ መጣ፤ ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከሥር ዘንዶው። ዛፍ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች። ስንሳለም የምናየው ፈረሰኛውን ነው፤ እሷን ማን ያያታል? ስሟ ብሩታዊት ነው፣ የቤይሩት ልጅ ማለት ነው። እንግሊዞች እዚህ ነው ይበሉ እንጂ ሊባኖሶችም እኛ አገር ነው ይላሉ፤ ቤይሩት የባሕር ወሽመጡን የሚጠሩት በጊዮርጊስ ስም ነው።

«እኔስ የቤይሩት ልጅ አይደለሁም?» አልኩ። ፓስፖርቴ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። የሰባት ወር ደመወዜ «ተቀምጦልሻል» እየተባለ አልተከፈለኝም። ዙሪያዬን ሳይ ሜዳ ነው፣ በግ ነው፣ መንገድ ነው። ብሮጥስ? ወዴት? ልጁ ደግሞ እጄን ይዞኛል። ከአሠሪዋ ጋር እንግሊዝ የገባች የቤት ሠራተኛ ቪዛዋ ሳያልቅ አሠሪ መቀየር እንደምትችል አላውቅም ነበር። ከ2016 ጀምሮ እንዲህ መሆኑን የሰማሁት እዚሁ ማኅበራችን ከመጣሁ በኋላ ነው። ባውቀው ምን አደርግ ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስንወርድ መንገዱ ላይ የወደቀች ጣት የምታህል ጠመኔ አነሳሁና ኪሴ ከተትኩ። ቤይሩት ስንመለስ የኩሽናውን ቁምሳጥን ከፍቼ በሩ ውስጠኛው ላይ ሰባት መስመር አሰመርኩ። በየወሩ መጨረሻ አንድ እጨምራለሁ። ዘጠኝ ሲደርስ ልጁ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ያልተከፈለኝ ወር ነው» አልኩት። እራት ላይ ለአባቱ ነገረው። ሚስተር ተነስቶ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ቆጠረ፣ ከዚያ ማዳምን ዞር ብሎ አያት። ያን ሌሊት ሲጨቃጨቁ አደሩ፤ እኔም ሲያባርሩኝ ይታየኝ ነበር።

በሳምንቱ ስድስቱን ወር ከፈሉኝ። ሦስቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። እሁድ ሁለት ሰዓት መውጣት ግን ተፈቀደልኝ፤ በዚያች ሁለት ሰዓት ነው ይህን ማኅበር ያገኘሁት።

ስለዚህ እህቶቼ፣ መውጫ ያላችሁ በእግራችሁ ሂዱ፤ ባሕሩ ዳር ያለ ገንዘብ ይኬዳል። መውጫ የሌላችሁ ደግሞ ያልተከፈላችሁን ወር ጻፉ። ጠመኔ ባይኖር እርሳስ ይበቃል።