ስድስት ጉርሻ

እናንተዬ፣ ጫማ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሱቅ እንዞራለን፤ ሽጉጥ ሲሆንማ አስቡት። ቨርጂኒያ የምንኖር ሁለት እህትማማቾች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ በኪራይ ሽጉጥ የወረቀት ዒላማ ስንበሳ ከርመን "የራሳችን ይኑረን" ካልን ይኸው ወር ሆነን። ችግሩ፣ ምርጫው በሁለት መንታዎች መሀል ሆነብን።

አንዱ ሩገር ራንግለር፣ ሌላው ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር ይባላል። ሁለቱም የካውቦይ ፊልም ሽጉጥ ይመስላሉ። ሁለቱም ባለ .22 ጥይት ናቸው፤ ስድስት ስድስት ይጎርሳሉ። ይጎርሳሉ ያልነው ለወግ አይደለም። በጎን ያለችው ትንሽ በር ትከፈትና ጥይቱ አንድ በአንድ ይገባል፤ ቀለሁም አንድ በአንድ ተገፍቶ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት መቺዋን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው። ለችኩል ሰው አይሆኑም፤ ለእኛ ግን ደግ ነው፣ የ50 ጥይት ፓኬት ቶሎ አያልቅብንም።

ራንግለር በ2019 ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ 249 ዶላር ነበር። ራፍ ራይደር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረክሳል። ከሁለታችን አንዷ (ማን እንደሆነች አንናገርም) በልዩነቱ ስንት ፓኬት ጥይት እንደሚገዛ አስልታ ጨርሳ ነበር።

ክርክሩ የጦፈው በመጠበቂያው ላይ ነው። ራፍ ራይደር በግራ ጎኑ በእጅ የምትንቀሳቀስ ማገጃ አለችው፤ ቀይ ነጥብ ከታየች ለመተኮስ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ራንግለር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ውስጡ ግን መቺዋንና መርፌውን የምታገናኝ ብረት አለች፤ ምላጩ ካልተሳበ ቦታዋ ላይ አትገኝም። ስለዚህ ሽጉጡ ቢወድቅም መቺዋ መርፌውን አታገኘውም። በዓይኑ የሚያየው ማገጃ ለሚያረጋጋው ሰው ራፍ ራይደር ይሻለው ይሆናል። እኛ ግን ያየነው አጎራረሱን ነው። ራፍ ራይደርን ለማጉረስ መቺዋን ግማሽ መንገድ ስቦ ማቆም ያስፈልጋል። ራንግለር በሩ ሲከፈት ከበሮው ራሱ ይፈታል፤ መቺዋን የሚነካት የለም። ለጀማሪ እጅ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ራንግለር አልን።

ይህን ሁሉ ለእማዬ አስረዳናት። እማዬ ያደገችው ተኩስ በሠርግና በለቅሶ በሚሰማበት አገር ነው፤ መሣሪያ አያስደነግጣትም። "ለጨዋታ ሽጉጥ ይገዛል እንዴ?" ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን "ይሄ ልጅስ?" አለችን።

ቤታችን የ5 ዓመት የወንድም ልጅ ይመላለሳል። ማገጃ በሉት ውስጥ ያለ ብረት፣ ስቦ ምላጩን የሚጫን ልጅ ካገኘው አንዱንም ማመን አይቻልም። ስለዚህ ከሽጉጡ በፊት ሁለት የሚቆለፉ የብረት ሣጥኖች ገዛን፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለጥይቱ። የጥይቱ አፍ እርሳስ ነውና ከተኩስ መልስ እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ ልጁን ላናቅፍም ተስማማን።

ራንግለሩን የፊታችን ቅዳሜ እናመጣለን። የሣጥኖቹ ቁልፍ ግን ከወዲሁ እማዬ አንገት ላይ ነው፣ ከማተቧ ጋር።