ምጣድና መኪና በአንድ ቆጣሪ

በአቃቂ ስለ ኤሌክትሪክ መናገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል እዚሁ አጠገባችን ነውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን አዲስ ጥያቄ መጥቶብናል።

አባቴ በኤሌክትሪክ መኪና ሰው እያመላለሱ፣ እናቴ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ ያስተምሩናል። ታዲያ አንድ ቆጣሪ ሁለቱን ይችላልን? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ 32 አምፔር የሚወስድ ቻርጀር ግን 7 ኪሎዋት ያህል፣ ማለት ከሁለት ምጣድ ይበልጣል። ይህን ሁሉ በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ሽቦውን ያግላል፤ እሳትም ያስነሣል። ስለዚህ ለቻርጀሩ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫና ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ በባለሙያ እጅ ሊዘረጋለት ይገባል። በቤታችንም መኪናው ሌሊት ይሞላል፤ ምጣዱ ሲነጋ ይጣዳል።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሠራተኛ ግን የጋራውን ቆጣሪና ሽቦ እንደ ልቡ ሊለውጥ አይችልም። መኪናው ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው በሥራው ቦታ ስለ ሆነ፣ የአቃቂ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች በግቢያቸው ቻርጀር ቢተክሉለት ትልቅ ርዳታ ይሆናል።

ውድ ጓደኞቼና ወላጆቻችን ሆይ፣ መኪናው ከመገዛቱ አስቀድሞ የቤታችንን ሽቦ እናስመርምር።