በኮሪያ በኩል ወደ ወንጂ

አዳማ ላይ የታሪክ መምህር ሆኖ የኮሪያን ዘመናዊ ታሪክ የሙጥኝ ያለ ሰው መቀለጃ መሆኑ አይቀርም። «ምነው፣ የእኛው አለቀ እንዴ?» ይሉኛል ባልደረቦቼ ቡና ላይ ስንቀመጥ። ተማሪዎቼ ደግሞ የኮሪያ ድራማ ለክፎኝ ይመስላቸዋል። አንድ ሁለቱን አይቻለሁ፤ ንጉሦቻቸው ለቅሶ ያበዛሉ።

እኔን ኮሪያ ያደረሰኝ በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ፑሳን ገባ። እሱና ተከታዮቹ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ ግን የለም። ይህን የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ያሰብኩትም ይህንኑ ማዳበር ነበር፦ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከዝዋይ ዘማቾችን እያፈላለጉ ድምፃቸውን መቅዳት።

ሞጆ ያገኘኋቸው አዛውንት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ክብር ዘበኛ ሳሉ የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል። ጠርዙን ብል በልቶታል፤ የደንብ ልብሱ አዝራሮች ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ኮረብታው፣ የወደቀ ጓደኛ ተሸክሞ በሌሊት ስለመውረድ አጫወቱኝ። መቅረጫውን ልዘጋ ስል፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ወንድማማቾቹ በምን እንደተጣሉ መጽሐፉ ይናገራል? ለእኛ የነገረን የለም። ኮሚኒስት መጣ ተባልን፣ ሄድን» አሉኝ። «አባባ፣ አንብቤ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

ንባቡ ብሩስ ከሚንግስ ዘንድ አደረሰኝ። ይህ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በወጣትነቱ በሰላም ጓድ ኮሪያ የኖረ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 1981 ስለ ጦርነቱ መነሻ ባሳተመው መጽሐፍ ትረካውን ሰኔ 1950 ላይ አይጀምርም። ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች በነሐሴ 1945 ካርታ ዘርግተው 38ኛውን ኬክሮስ ወሰን ወዳደረጉበት ሌሊት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጃፓን ቅኝ ግዛት ይመለሳል። ሁሉን ነገር አልተቀበልኩለትም፤ የሶቪየት ሰነዶች ከተከፈቱ ወዲህ የስታሊን እጅ እሱ ከገመተው በላይ ረጅም እንደነበር ታይቷል። አንድ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፦ ገበሬው የሚያርሰው መሬት የማን ነበር?

አብዛኛው የኮሪያ ገበሬ ጢሰኛ ነበር፤ ራሱ የያዘው ቢኖርም ስለማይበቃው የሌላ ሰው ይጨምርበታል። ሰሜኑ በፈረንጆቹ 1946 የባለርስቶችን መሬት ያለ ካሳ ወርሶ አከፋፈለ። ደቡቡም ፈራ፤ ፈርቶም ቢሆን በ1949 ሕግ አወጣ። ማንም ቤተሰብ ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ተደረገ፤ ገበሬውም የአንድ ዓመት ምርቱን አንድ ተኩል እጥፍ በ5 ዓመት እየከፈለ ባለቤት እንዲሆን ተፈቀደለት። ለባለርስቶቹ የተሰጣቸውን ቦንድ ደግሞ የጦርነቱ የዋጋ ንረት በላው። ቃኘው የደረሰበት አገር እንግዲህ ባላባቱ ከሥሩ የሚነቀልበት አገር ነበር።

እኛስ? ቃኘው በተሳፈረበት በዚያው በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከአዳማ ጥቂት ዝቅ ብሎ ባለው ወንጂ ለኤች.ቪ.ኤ. መሬት ሰጠ። ይህ የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የሸንኮራ እርሻው ስላላስተማመነው ሌላ አገር የሚፈልግ ነበር። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አዋሽ ዳር ከብታቸውን ያሰማሩ የነበሩት የጅሌ ኦሮሞዎች ከግጦሻቸው ተገፍተዋል። ጢሰኝነት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ቆየ። ያኔም የመጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አለው እንጂ ለአራሹ በንብረትነት አልሰጠውም።

ወንጂ የምሄደው በሚኒባስ ነው፣ ሸንኮራውንም ከልጅነቴ ጀምሮ መጥጬዋለሁ። ግን እንደ ታሪክ ሰው «ይህ መሬት ከማን እጅ ወጣ?» ብዬ የጠየቅኩት የኮሪያን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወሬ ያንገሸግሸኛል። «በሃምሳዎቹ ኮሪያ ከእኛ በታች ነበረች፤ እነሱ ሠሩ፣ እኛ ተኛን» የሚለው። ኮሪያዊው ሊ ጃንግ ጊዩ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በነበሩ ጊዜ እዚህ ከተማ የማይደጋግመው አልነበረም። ከኮሪያ እድገት ጀርባ የአሜሪካ ገንዘብ ነበረ፣ ትምህርት ነበረ፣ ጨካኝ ወታደራዊ መንግሥትም ነበረ፤ መሬቱ ብቻውን ሁሉን ይገልጻል አልልም። ነገር ግን በሰው መሬት ላይ ከጎህ እስከ ማታ ሲያርስ የኖረን ገበሬ ተኝቶ ነበር ማለት ስድብ ነው፣ ታሪክም አይደለም።

ሞጆ ተመልሼ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ለነሱ መሬት ተሰጣቸው ነው የምትለኝ? እኔ ሜዳሊያ አንጠልጥዬ ስገባ አባቴ ጢሰኛ ነበር» አሉና ቡናው እንዲቀዳልኝ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ከአዋሽ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች የምትገኙ የዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ፎቶውንና ደብዳቤውን አትጣሉት። አባታችሁ፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ስለ ውጊያው ብቻ ጠይቃችሁ አትነሡ፤ ክብር ዘበኛ ከመግባታቸው በፊት ቤተሰባቸው በማን መሬት ላይ ያርስ እንደነበር ጠይቁና ጻፉት።