የማለዳ ቆጠራ

ቅዳሜ ማለዳ፣ አየር ጤና። ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ጥንብ አንሣዎችን እንቆጥራለን። ስማቸው ለስድብ ይውላል፤ እነርሱ ግን በድን እያነሡ ከበሽታ ይጠብቁናል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ለጅብ ብለው የተመረዘ ሥጋ ከአጥር ውጭ አኖሩ። በነጋታው ጅብ አልተገኘም፤ አራት ጥንብ አንሣዎች ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ ወድቀው አገኘናቸው። አባቴ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ቀበሯቸው።

የከተማችንን ትንሹን ጥንብ አንሣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ወገን መደበው። በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎችን ከሚጨርሱት ቀዳሚው መርዝ ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለኝ መዝገብ ያዡ ልጅ።

«አሥራ ሰባት።»

በልቤ ግን አራቱን ደመርኩ።