ከጉና ራስጌ እስከ ፎገራ ሜዳ

በአገራችን ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ ያልሆኑ ሐይቆች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው ጨው ባሕር ነው። ዝናብ ሲበረታ ውኃ ይይዛል፤ ዝናቡ ሲርቅ ጨዋማ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። በሰሜንም ጨው ባይኖርበትም፣ ውኃው እንዲሁ በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ የሚሸሽበት ቦታ አለ። እርሱም በደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ባልና ሚስት አብረው አይተውት፣ አብረው ሊያስቡበት የሚገባ ቦታ ነውና በዚህ ዕትም ወደዚያ እንወስዳችኋለን።

ፎገራን ለመረዳት ከላይ፣ ከጉና መጀመር ይሻላል። ከባሕር ዳር በሰሜን አቅጣጫ ወደ ወረታ ተጉዛችሁ፣ ከዚያ በስተ ምሥራቅ ብትታጠፉ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ያወጣችኋል። ርቀቱ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ስትሄዱ የጉና ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ ቀላል ስላልሆነ ጋቢ አትርሱ። ገበሬው ገብስና ድንች እያለማ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ከእርሻው በላይ ጓሳውና ጅብራው ይቀጥላል። በዚህ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ርብና ጉማራ የሚባሉትን ወንዞች ይመግባል። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ሳታዩ አትለፉ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ካለው የቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወንጌላውያን ሚስዮናውያን የኖሩባት ስፍራ ናት። ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር ይዘው ነበር የመጡት። ንጉሡ ግን ሙያቸውን ለመድፍ ፈለጉት፤ «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያች ስፍራ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ።

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ይሞላሉ፣ ጣናም ከፍ ይላል፤ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣል። አምባዛው ደግሞ ጎርፍ በያዘው ሣር ውስጥ ይራባል። ክረምቱ ሲያልፍ ውኃው እየሸሸ ይሄድና ሸሸርና ወላላን በመሳሰሉ ረግረጎች ላይ ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የወፎቹ ነው።

ዳክዬው፣ ዝዩ፣ ሽመላው ብዙ ነው። ከሁሉ ዓይን የሚስቡት ግን በፈረንጆቹ አጠራር «ክሬን» የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ናቸው። ግራጫዎቹ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። በአናቱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬንና ከጉንጩ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ትልቁ ክሬን ግን የአገር ልጆች ናቸው። እነዚህ ወፎች ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ አብረው ይኖራሉ። ወንዱና ሴቷ ተቀባብለው ይጮኻሉ፣ አብረው ያሸበሽባሉ፤ እንቁላሉንም በተራ ይታቀፋሉ። ትልቁ ክሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ለዚያች አንዲት ጫጩት ሁለቱም ወላጆች ይደክማሉ።

የሜዳው ሰውም በውኃው ልክ ኑሮውን ያበጀ ነው። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም የዚህ ሣር ውጤት ናት። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ የአካባቢው ዋነኛ ሰብል ሆኗል፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይሆናል።

በጣና ዳርቻ ደግሞ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ይኖራሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በላችሁ ተብለው ለብዙ ዘመን ተገለዋል፤ ሌላው ሰው አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር። ክርስቲያን ጎብኚ ታንኳቸውን ፎቶ አንሥቶ ብቻ መመለስ የለበትም። እግዚአብሔር በኢዮጴ ለጴጥሮስ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ያስተማረው (ሐዋ. 10) ለእኛም ነውና፣ ሰላም ብሎ፣ ቁጭ ብሎ መጫወት ይገባዋል።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ሁሉ ዛሬ አደጋ ላይ ነው። በጉና ወገብ ላይ ዛፉና ሣሩ ሲመነጠር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሜዳው ያወርዳል፤ የወንዞቹም ወለል በደለል ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ረግረጉ ለእርሻ ሲታረስ፣ ውኃውም ለበጋ መስኖ በሞተር ሲሳብ፣ ሸሸርና ወላላ ከቀድሞው እጅግ ጠብበዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የጣናን ዳርቻ ወሯል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሮታል፤ መዝገብ ግን ብቻውን አፈር አያቆምም።

ገበሬውን ለመውቀስ አንቸኩል። ልጆቹን ለማብላት የሚያርስ ሰው ነው። ከላይ የሚያርሰው ከታች ያለውን፣ ከታች ያለውም ከላይ ያለውን እንደ ጎረቤት አለማየቱ ነው ችግሩ። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀት ያለ መጠበቅ የት እንደሚያደርስ ፎገራ ላይ ይታያል።

በቤታችንስ? አባትና እናት በቤቱ ራስጌ ያሉ ጉናዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ፍቅር ወይም ቅያሜ ወርዶ ልጆቹ ጋ ይደርሳል። ሳይፈታ የከረመ ኩርፊያ እንደ ደለል ነው፤ በአንድ ቀን አይታይም፣ ሲሞላ ግን ቤቱን ያጥለቀልቃል። ነቢዩ ኤርምያስ የሰማይ ወፎች የመምጫ ጊዜያቸውን እንደሚያውቁ፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ግን የጌታውን ፍርድ እንዳላወቀ በሐዘን ይናገራል (ኤር. 8፥7)። ወፎቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው እየመጡ ነው። ሲደርሱ ማረፊያ ማግኘት አለማግኘታቸው ግን በእኛ እጅ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር፦ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ጉዞ በየጊዜው ሲስተጓጎል ቆይቷል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በአካባቢው ካሉ ሰዎች አጣሩ፤ ካልተመቸ ለሌላ ዓመት አቆዩት። ስትሄዱ የአገሩን ሰው መሪ አድርጉ፣ የሩቅ ማያ መነጽር ያዙ፣ ወፎቹን ከሩቅ ተመልከቱ እንጂ አታስበርግጉ። ማለዳ መውጣት ይሻላል።

መሄድ የማትችሉም ከቤታችሁ ሆናችሁ ለአካባቢው ሰላም ጸልዩ። ዛሬ ማታም ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ፣ «ከእኛ ወደ ልጆቻችን እየወረደ ያለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።