በታወቀ አገር ሁለተኛ ጉዞ

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፥ ቀኑንም በፍርድ ቤት መዝገብ ሲጽፍ የሚውል ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ልጻፍ ብሎ ብዕር ቢያነሣ፥ ሥራ ፈት ብሎ የሚታዘበው አይጠፋም። እኛም ይህን ፈርተን ብዙ ቀን ዝም ብለን ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን ስንመረምረው ከመጫወቻነቱ ይልቅ የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፥ ከገበዝ ማርያም ይህችን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ደፈርን።

መሣሪያው ስዊች ይባላል። የሚያወጣውም በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ያለ ኒንቴንዶ የሚባል ኩባንያ ነው። ኩባንያው የተመሠረተው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑበት በ1882 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያ ሥራው የአበባ ሥዕል ያለበት የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። የዛሬው መሣሪያ በሁለት እጅ ተይዞ የሚታይ ነው፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪው ጥቂት ሰዓት ስለሚቆይ፥ ለእኛ ቤት የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

የባለቤታችን ወንድም በ2011 ዓ.ም. ከዐረብ አገር ሲመለስ ይህን መሣሪያ ከአንድ ጨዋታ ጋር ለልጃችን አመጣላት። ጨዋታውም በየካቲት 2009 ዓ.ም. የወጣው፥ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለው የዜልዳ ታሪክ ነበር፤ ትርጓሜው የዱር እስትንፋስ እንደ ማለት ነው። ሊንክ የሚባል ወጣት መቶ ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ያለፈውን ሁሉ ረስቶ፥ ሃይሩል በምትባል በፈረሰች አገር ላይ ይንከራተታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ልጃችን ገና ስምንት ዓመቷ ነበርና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም ነበር። እኛ ግን ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጠን ስለ ነበረ፥ በየማታው ከአጠገቧ ተቀምጠን አስተርጓሚ ሆንን።

የዚያን ጨዋታ ደግነት በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ ሰውን አያጣድፍም። ከሩቅ የሚታየው ተራራ ሁሉ ይወጣል፤ ነገር ግን የወጪው ጉልበት ካለቀ ይወድቃል፤ ዝናብ ከዘነበም ዐለቱ ያንሸራትታል። በክረምት የጎጃምን ጭቃ በእግሩ የረገጠ ሰው ይህ እውነት መሆኑን ያውቀዋል። እኛና ልጃችን አንዱን ገደል ለመውጣት ዝናቡ እስኪያባራ ከጥግ ተጠልለን ስንጠብቅ፥ ቡና ተፈልቶ አቦልና ቶና የተጠጣበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ነገር ትጠይቀን ነበር፤ ስለ አያቷ፥ ስለ ሞት፥ ስለ ዓባይ ምንጭ።

ሁለተኛው ጨዋታ ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ወጣ። ስሙም ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም፥ ማለት የመንግሥቱ እንባ ይባላል። በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ በዓለም ሁሉ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በዚያው ዓመት ክረምት ግን በክልላችን ጦርነት ሆኖ መንገድ ስለ ተቋረጠ፥ ለእኛ የደረሰን በ2016 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ጊዜ ስንናፍቀው ስለ ቆየን፥ በመጣ ጊዜ ደስታችንና ቅሬታችን እኩል መሆኑ እኛኑ አስገረመን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን አገሩ ያው የቀድሞው መሆኑ ነበር። ከላይ በሰማይ የተንሳፈፉ ደሴቶች፥ ከታችም ጨለማ የሆነ ጥልቅ ዓለም ተጨምሮበታል፤ መካከሉ ግን ያ የምናውቀው ሃይሩል ነው። በኋላ ግን የቅኔ ትምህርታችን ትዝ አለንና ፍርዳችንን አሻሻልን። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ሁልጊዜ ሁለት ቤት ነው፤ ልኩ አይለወጥም። ትላንት የተባለውን ደግሞ የሚያመጣ ተማሪ ግን ከየኔታ ተግሣጽ አያመልጥም። እንግዲህ ልኩ አንድ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ቃሉ ያረጀ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጨዋታ ቃሉ አላረጀም፤ በቀድሞው ዐለት ሥር ዋሻ ተከፍቶ፥ በቀድሞው መንደርም ሰው በዝቶ ይገኛል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ሊንክ አሁን እንጨትና መንኰራኵር፥ ማራገቢያም ሳይቀር እያጋጠመ ሠረገላና የሚበር መሣሪያ ለመሥራት የሚያስችል እጅ ተሰጥቶታል። ልጃችን በዚህ ሥራ እጅግ ብልህ ሆነች። ቀድሞ ሦስት ማታ የፈጀብንን ተራራ በቅጽበት በላዩ በርራ አለፈችው። እኛም አደነቅናት፤ ነገር ግን ዝናብ እስኪያባራ የምንጠለልበት ጥግ ከዚያ ወዲያ አላስፈለገም።

በሙያችን የታዘብነውንም እንናገር። ሊንክ አራት ታላላቅ ስፍራዎችን ነፃ ባወጣ ቍጥር አንድ ጥንታዊ ጠቢብ እየተገለጠ ስለ አሮጌው ጦርነት ይመሰክራል፤ አራቱም የሚናገሩት ቃል ከሞላ ጐደል አንድ ነው። በችሎት አራት ምስክሮች እንዲህ በአንድ ቃል ቢናገሩ፥ ዳኛው ተማክረው መጡ ብሎ ይጠረጥራል። ደግሞም የልዕልት ዜልዳ ታሪክ በየምድሩ ተበትኖ ስለሚገኝ፥ ተጫዋቹ ኋለኛውን ከፊተኛው አስቀድሞ ሊያይ ይችላል። ገጹ እንደ ተዘበራረቀ መዝገብ ነው።

አንድ ማታ ከሥራ ደክመን ገብተን ስንቀመጥ፥ ልጃችን ያገኘችው ታሪክ ልዕልቲቱ ወደ ጥንት ዘመን ተጥላ፥ የተሰበረው ሰይፍ በረጅም ዘመን እንዲድን ብላ የከበረ ድንጋይ ውጣ ዘንዶ የሆነችበት ነበር። እንደ ልማዳችን መነጽራችንን አድርገን ለመተርጐም ስንጠጋ፥ «አባባ፥ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ ላንብብልዎ» አለችን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ነገረችን። ቀጥላም፥ «ራሷን እንደምትረሳ እያወቀች ነው የዋጠችው?» ብላ ጠየቀችን፤ ዓይኗም እንባ ሞልቶ ነበር።

አዎን፥ እያወቀች ነው ብለን መለስን። ሌላ የምንተረጕምላት ቃል አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሳንነጋገር ተቀመጥን፤ ከዚያ ከገደሉ ጥግ ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ በመካከላችን አልነበረም።

ስለዚህ የትኛው ይበልጣል ብሎ ለሚጠይቀን፥ የፊተኛውን እንወዳለን እንላለን። ምክንያታችን ግን የጨዋታው ብልጫ ብቻ እንዳልሆነ ሳንደብቅ እንናገራለን፤ በፊተኛው እናስፈልግ ነበር። ለልጁ ማንበብ ያስተማረ አባት፥ ልጁ አንብቦ ሲቀድመው ቢከፋው ሰው ነውና አይፈረድበት፤ ደስታውን ግን ይደብቅ ዘንድ አይገባውም። እኛ መነጽራችንን አጥፈን ከኪሳችን ከትተናል፤ ከአጠገቧ ከመቀመጥ ግን አልተነሣንም። አንዳንዴም ስንለምናት የሚበረውን መሣሪያ ትታ በእግር ትወጣልናለች።